ስለ ነፃ ንግድና ስለ ከለላ ቀረጥ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«እንግሊዝ የበለፀገችው በነፃ ንግድ ነው።»
ነገሩ ወዲህ ነው፤ መጀመሪያ አምራቾቿን ከውጭ ውድድር ተከላከለች፣ ኋላ በሯን ከፈተች። በ1721 የወጣው ሕግ አብዛኛውን የጥጥ ጨርቅ መሸጥና መልበስ ከልክሎ እስከ 1774 ዘለቀ። በ1815 ደግሞ የመሬት ከበርቴዎች የሞሉት ፓርላማ የአንድ ኳርተር (የያኔው የእንግሊዝ የእህል መስፈሪያ) ስንዴ ዋጋ 80 ሽልንግ ካልደረሰ የውጭ ስንዴ ለገበያ እንዳይቀርብ ደነገገ። በ1828 ይህ በተንሸራታች ቀረጥ ተተካ፦ ዋጋ ሲወደድ ቀረጡ ይቀንሳል፣ 73 ሽልንግ ላይ 1 ሽልንግ ብቻ ይሆናል። በወረቀት ላይ ያምራል። ነጋዴው ግን ስንዴውን መጋዘን ከትቶ ዋጋው እስኪንር መጠበቅ ያዋጣዋል፤ ያኔ ሁሉም በአንዴ ሲያወጣ ገበያው ይወድቃል። የስንዴ ሕጉ የተሻረው በ1846 ነው፤ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ያኔ ሌላውን ዓለም ጥለው ሄደዋል።

«አሜሪካ ከጥንትም የነፃ ንግድ አገር ናት።»
ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ቀረጥ በሚከፈልበት ዕቃ ላይ በአማካይ ከ40 እስከ 50 በመቶ ገደማ ታስከፍል ነበር።

«አዳም ስሚዝ ቀረጥ ሁሉ ይቅር ብሏል።»
የነፃ ንግድ ጠበቃ የነበረው ይህ ስኮትላንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እንዲህ አላለም። የእንግሊዝን የመርከብ ሕግ (የንግድ ጭነት በዋናነት በራሷ መርከቦች እንዲጓጓዝ የሚያዘውን) ለአገር መከላከያ ሲባል ደግፏል። ከ1778 ጀምሮማ ራሱ የስኮትላንድ ጉምሩክ ኮሚሽነር ነበር!

«ቀረጡን የሚከፍለው የውጭው ላኪ ነው።»
ጉምሩክ ላይ ገንዘቡን የሚቆጥረው አስመጪው ነው። ላኪው ዋጋ ካልቀነሰለት ከትርፉ ይችለዋል፣ አለዚያም በሸማቹ ላይ ይጨምረዋል።

«ታላቁን የኢኮኖሚ ድቀት ያመጣው የስሙት-ሃውሊ ቀረጥ ነው።»
የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ የወደቀው በጥቅምት 1929 ነው፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሁቨር በገቢ ዕቃዎች ላይ ቀረጥ የጨመረውንና በሁለት የኮንግረስ አባላት ስም የሚጠራውን ይህን ሕግ የፈረሙት በሰኔ 1930። ከ1,000 በላይ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች እንዳይፈርሙ ጠይቀዋቸው ነበር። ሕጉ ድቀቱን አልጀመረውም፤ አባባሰው እንጂ። ብዙዎች የሚዘሉት ነጥብ እዚህ ላይ ነው፦ ከቀረጡ ብዙው በመቶኛ ሳይሆን በክብደት ወይም በቁጥር የተቆረጠ ነበር። 1 ዶላር በሚያወጣ ዕቃ ላይ 20 ሳንቲም ቀረጥ 20 በመቶ ነው፤ ዕቃው ረክሶ 50 ሳንቲም ሲገባ ግን ያው 20 ሳንቲም 40 በመቶ ይሆናል። በዚያ ዘመን ዋጋ ሁሉ ቁልቁል ይወርድ ስለነበር ኮንግረሱ ምንም ሳይነካው የቀረጡ ሸክም እየከበደ ሄደ። ካናዳም በበኩሏ በአሜሪካ ዕቃዎች ላይ ቀረጥ ጨመረች። በ1934 ኮንግረሱ ፕሬዚዳንቱ ከየአገሩ ጋር እየተዋዋሉ ቀረጡን እስከ ግማሽ ድረስ እንዲቀንሱ ፈቀደላቸው።