የአዲስ መኪና የመጀመሪያ ዘይት ቅየራ ምንድን ነው? መቼስ ይደረጋል?

እህቴ ዜሮ ኪሎ ሜትር መኪና የገዛች ጊዜ ቤተሰቡ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። ቤቷ ገርጂ ነው፤ ሥራዋ መገናኛ። ጠዋት ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች፣ ቅዳሜና እሁድ መኪናው ግቢ ይቆማል። ዓመት ሊሞላው ሲል "ዘይት ቀየርሽ?" ብዬ ጠየቅኳት። "ኧረ ገና ነው፤ 5 ሺህ አልሞላም እኮ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ቆጣሪው ላይ የነበረው 2,800 ነው።

ጋራዥ ወሰድነው። መካኒኩ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘና አሸተተው። ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍተው ደግሞ ከውስጥ በኩል እንደ ረጋ ቅቤ ያለ ነገር ተለጥፎበታል። "ውሃ ነው" አለን። "ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ነው የሚጠፋው። እህቴ፣ ቅርብ ለቅርብ ነው የምትነጂው አይደል?"

ከዚያ ወዲህ አዲስ መኪና የገዛ ሰው ስለ ዘይት ሲጠይቀኝ ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳ ብቻ አልጠይቀውም። መቼ ገዛኸው? የት የት ትነዳዋለህ? እላለሁ።

የመጀመሪያ ዘይት ቅየራ የሚባለው ፋብሪካው ሞልቶ የላከውን ዘይት አፍስሶ፣ ፊልትሮውንም አውጥቶ፣ ሁለቱንም በአዲስ መተካት ነው። ሥራው ከሌላው ጊዜ አይለይም። የሚለየው ከውስጡ የሚወጣው ነገር ነው።

አዲስ ሞተር ውስጥ ያሉት ብረቶች ገና አልተላመዱም። ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደሩ ግድግዳ ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም ፋብሪካው ሆን ብሎ በተጠላለፉ ቀጫጭን ጭረቶች ያበጀዋል። ጭረቶቹ ዘይት እንዲይዙ ነው። ጫፋቸው ግን ሹል ነው። ፒስተኑን የከበበው የብረት ቀለበት፣ ማለትም ፋሻው፣ ላይ ታች ባለ ቁጥር ያንን ሹል ጫፍ ይሞርደዋል። እየቆየ ፋሻውና ግድግዳው ልክ ለልክ ይገጥማሉ። የቆዩ ሾፌሮች ይህን ጊዜ ሮዳጅ ይሉታል።

የተሞረደው ብረት ታዲያ የትም አይሄድም። ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ከአዲስ መኪና የፈሰሰ የመጀመሪያ ዘይት ፀሐይ ላይ ቢያዩት እንደ ብር ብናኝ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ሊታይበት ይችላል። ይህን ያየ ሰው "ሞተሬ አለቀ!" ብሎ ይደነግጣል። መደንገጥ አያስፈልግም። ብናኙ ደቃቅ ከሆነ የመላመድ ምልክት ነው፤ በሚቀጥለው ቅየራ በጣም ይቀንሳል። በጣት የሚለቀም ስባሪ ከተገኘ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ መኪናው ወደ ሻጩ መመለስ አለበት። ከብረቱ ሌላ ሞተሩ ሲገጣጠም የተቀባው ቅባትና የማሸጊያው ሲሊኮን ትራፊም ዘይቱ ውስጥ ይቀራል።

ፊልትሮው እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚበዛበት። ውስጡ የታጠፈ ወረቀት መሰል ነገር አለ፤ ዘይቱ በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ቆሻሻው ይቀራል። በጣም ደቃቁን ግን አይዘውም። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ማለፊያ ቫልቩን ነው። ፊልትሮው በቆሻሻ ሲደፈን ሞተሩ ያለ ዘይት እንዳይቀር ይህ ቫልቭ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። ለሞተሩ ከደረቅ የቆሸሸ ይሻለዋል። ስለዚህ ፊልትሮው የተደፈነበት መኪና ምንም ሳይሰማው ይነዳል፤ ቆሻሻው ግን እየዞረ ብረቱን ይበላዋል። "ዘይቱን ብቻ ቀይርልኝ፣ ፊልትሮው ለሚቀጥለው ይሁን" የሚሉ ሰዎች አሉ። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። አዲሱ ዘይት የሚገባው አሮጌው ቆሻሻ ወደተቀመጠበት ዕቃ ነው፤ ፊልትሮው ውስጥ የቀረው አሮጌ ዘይትም ተመልሶ ይቀላቀላል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ መቼ? ለሁሉም መኪና የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ 0ደብልዩ-20 (ይህ የዘይቱ የውፍረት ቁጥር ነው) ሲንቴቲክ ዘይት ለሚጠቀሙ ብዙ መኪኖቹ 10,000 ማይል ወይም 12 ወር ይላል፤ ይህም ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር ነው። ቢኤምደብልዩ ደግሞ ኤም የሚባሉትን ኃይለኛ መኪኖቹን በ2,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያስጠራቸዋል፤ የሞተሩም፣ ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው የዲፈረንሻሉም ዘይት ይቀየራል። ሆንዳ በተቃራኒው የፋብሪካውን ዘይት ቶሎ አታፍስሱት፣ መኪናው ራሱ እስኪያሳውቃችሁ ጠብቁ ይላል። ያ ዘይት ለመላመጃው ጊዜ ተብሎ የተዘጋጀ ስለሆነ ነው። ጎረቤት "በ1,000 አፍስሰው" ስላለ ብቻ ማፍሰስ ልክ የማይሆነው ለዚህ ነው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይቅደም።

መጽሐፉን ስትከፍቱ ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት የቅየራ ጊዜ ይሰጣል። አንዱ ለመደበኛ አነዳድ ነው፤ ሌላው ለከባድ ሁኔታ። "እኔ ዕቃ አልጭን፣ ተጎታች አልጎትት፣ መደበኛ ነኝ" ይላል ሰው። ከባድ የሚባለውን አንብቡት። አቧራ ያለበት መንገድ፣ ሞተር ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር ጉዞ፣ ሞተር እየሠራ ለረጅም ጊዜ መቆም፣ ኃይለኛ ሙቀት። አዲስ አበባ ውስጥ የሚነዳ ሰው ቢያንስ ሁለቱን ያሟላል። ዱባይ ወይም ሪያድ የሚነዳም በሙቀቱና በአሸዋው እዚሁ ውስጥ ይገባል። ቶዮታ ራሱ እንዲህ ላለው አነዳድ ያንን 10,000 ማይል ወደ 5,000 ማይል ያወርደዋል።

ቆጣሪው ለምን እንደሚያሳስት በሒሳብ እንየው። ከከተማ ውጭ በሰዓት በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር የሚሞላው በ83 ሰዓት ገደማ ነው። በከተማ መጨናነቅ በአማካይ 15 የሚሄድ ከሆነ ያንኑ 5,000 ለመሙላት 333 ሰዓት ይፈጅበታል። ቆጣሪው እኩል ነው፤ ሞተሩ ግን አራት እጥፍ ሠርቷል። ፎርድ ለሥራ መኪኖቹ በሚሰጠው ምክር ሞተር አስነስቶ አንድ ሰዓት መቆም 33 ማይል እንደመንዳት ይቆጠራል። 53 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው።

ጊዜም እንደዚሁ ነው። መኪና ቢቆምም ዘይቱ ያረጃል። ሞተር በደንብ ሲሞቅ ዘይቱ ውስጥ የገባው ቤንዚንና እርጥበት ይተናል። ካልሞቀ እዚያው ይጠራቀማል፤ የእህቴ መኪና ላይ የሆነው ይኸው ነው። አዲስ መኪና ደግሞ ከፋብሪካ ወጥቶ፣ ባሕር አቋርጦ፣ ጅቡቲ ቆይቶ፣ ሻጩ ጋ ወራት ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ስትረከቡ የተመረተበትን ወር ጠይቁ።

ቀለሙስ? "አልጠቆረም፣ ገና ንጹሕ ነው" የሚለው አያስኬድም። ጥሩ ዘይት ጥላሸቱን አጥቦ ስለሚይዝ ነው የሚጠቁረው። የናፍታ ሞተር ላይማ በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል።

የእኔን ሐሳብ ለሚፈልግ ይኸውና። መጽሐፉ ቶሎ አትቀይሩ ካላለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚነዳ ተራ የቤንዚን መኪና የመጀመሪያውን ቅየራ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ወይም ከ6 ወር አላሳልፈውም፤ ቀድሞ የሞላው ይወስናል። ወጪው ለትንሽ ሞተር ከ3 እስከ 4 ሊትር ዘይትና አንድ ፊልትሮ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን ሞተር በደንብ መያዝ ከበፊቱ ይበልጥ ያዋጣል። ከክልከላው በፊት ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የገባ ያገለገለ መኪና ለገዛ ሰው ግን መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ለእናንተ አዲስ ነው እንጂ ዘይቱ መቼ እንደገባ ማንም አያውቅም። በዚያው ሳምንት ቀይሩት።

እስከዚያ ድረስ ሮዳጁን አክብሩለት። የቶዮታ መመሪያዎች ለመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች በጣም በፍጥነት አትንዱ፣ ድንገት አትርገጡ፣ ለረጅም ጊዜም በአንድ ፍጥነት አትሂዱ ይላሉ። የመጨረሻው ይገርማል። ፋሻው ከግድግዳው ጋር በደንብ የሚገጥመው ግን ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ሲል ነው። ስለዚህ መኪናውን በተረከባችሁ ማግስት በፈጣን መንገዱ አንድ ፍጥነት ይዛችሁ አዳማ አትውረዱ።

በቅየራው ቀን አጠገቡ ቁሙ። የመጽሐፉ ቁጥር የተጻፈበት ዘይት መሆኑን፣ ክዳኑም ያልተነካ መሆኑን እዩ። አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ የላስቲክ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ እንዳይቀር አስተውሉ፤ በላዩ ላይ አዲሱ ከታሰረ ያፈሳል። የማፍሰሻው ብሎን ራንዴላ በአዲስ ይቀየር። ደረሰኙንም ያዙ፤ ዋስትና ስትጠይቁ የሚፈለገው እሱ ነው። ማታ መኪናውን ስታቆሙ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ሳትነሡ ካርቶኑን እዩት፤ መለኪያውንም አንዴ መዝዛችሁ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መሀል መሆኑን አረጋግጡ።