በልጆችና በአፍላ ወጣቶች ላይ ተደጋግሞ ለሚወልቅ የጉልበት ሎሚ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና

የጉልበት ሎሚ ከጭን ጡንቻ ተነስቶ ቅልጥም ላይ በሚያርፈው ወፍራም ጅማት ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ አጥንት ሲሆን፣ ጉልበት በታጠፈና በተዘረጋ ቁጥር በጭን አጥንት ጫፍ ላይ ባለው ቦይ ውስጥ ወደ ታችና ወደ ላይ ይንሸራተታል። ከቦዩ ሲወጣ ወደ ውጭ በኩል የሚወጣ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚወልቀውም ልጁ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ሰውነቱን ድንገት ሲያዞር ነው። ጉዳቱ በብዛት የሚታየው ከ10 እስከ 17 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው።

ሎሚው እግር ሲዘረጋ በራሱ ወይም በወጌሻ እጅ ወደ ቦታው ስለሚመለስ፣ ቤተሰብ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ሎሚው ሲወጣም ሲመለስም ከጭን አጥንት ጠርዝ ጋር ስለሚጋጭ፣ ልም አጥንት የለበሰ ስባሪ ተገንጥሎ መገጣጠሚያው ውስጥ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ጉልበቱ ወዲያው በደም ካበጠ ራጅ፣ ከተቻለም ኤምአርአይ መነሳት ይገባዋል። እንዲህ ያለ ትልቅ ስባሪ ካልተገኘ በቀር ለመጀመሪያው ውልቃት በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና አይመከርም። በፊንላንድ ከ16 ዓመት በታች በሆኑ ልጆች ላይ ተካሂዶ በ2008 የታተመ ጥናት፣ ሎሚው ሲወልቅ በውስጥ በኩል የተቀደደውን ሕብረ ሕዋስ ወዲያው ከተሰፋላቸው ልጆች 67 በመቶው፣ ካልተሰፋላቸው ደግሞ 71 በመቶው በኋላ እንደገና ወልቆባቸው አግኝቷል፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ውልቃቱ ሲደጋገም ግን መንስኤው አንድ ክፉ አጋጣሚ ሳይሆን የጉልበቱ አሠራር ነው። በፈረንሳይ የሊዮን ከተማ ሐኪሞች፣ በተለይም አንሪ ደዡር፣ አራት ነገሮችን ለይተው አሳይተዋል፤ ቦዩ ጥልቀት የሌለው ወይም ጭራሽ ጠፍጣፋ መሆኑ፣ ሎሚው ከቦዩ በላይ ከፍ ብሎ መቀመጡ፣ ጅማቱ ቅልጥም ላይ የሚያርፍበት ጉብታ ከቦዩ መሐል 20 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ወደ ውጭ መራቁ፣ እንዲሁም ሎሚው ወደ ጎን ማዘንበሉ። በልጆች ላይ የጉልበቶች ወደ ውስጥ መጠጋትና የጅማት ልልነት ይጨመሩበታል። ምርመራው ቀላል ቢሆንም ብዙ ይናገራል። ሐኪሙ የተኛውን ልጅ ሎሚ በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ሲገፋው፣ ልጁ ሳያመው እንኳ ጭኑን ያጠነክርና የሐኪሙን እጅ ይይዛል፤ ጉልበቱ ሊወልቅ መሆኑን ያውቀዋልና።

በአዋቂዎች ላይ የተለመደው መፍትሔ ያንን የቅልጥም ጉብታ ቆርጦ ወደ ውስጥ ማዛወርና በብሎን ማሰር ነው። በልጅ ላይ ግን ይህ አደገኛ ነው። ከጉብታው ሥር ቅልጥም የሚረዝምበት የእድገት ልም አጥንት አለ፤ የፊተኛው ክፍል ተጎድቶ ሲዘጋ የኋለኛው ማደጉን ስለሚቀጥል፣ ጉልበቱ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይቀለበሳል። በ1938 ሃውዘር በተባለ ሐኪም የቀረበው የጉብታ ማዛወሪያ ስልት በአዋቂዎች ላይም ሎሚው ላይ የሚያርፈውን ጫና እየጨመረ ልም አጥንቱን በመጉዳቱ ቀርቷል። ለልጆች ሲሠራ የኖረው ሩ እና ጎልድዌይት በተባሉ ሐኪሞች ስም የሚጠራው አጥንት የማይነካ ስልት ሲሆን፣ የጅማቱን ውጫዊ ግማሽ ቆርጦ በሌላው ግማሽ ሥር አሳልፎ ወደ ውስጥ መስፋት ነው።

ዛሬ ዋናው ቀዶ ሕክምና ሎሚውን በውስጥ በኩል ከጭን አጥንት ጋር የሚያያይዘውን ጅማት እንደገና መሥራት ነው። ይህ ጅማት ጉልበቱ ከተዘረጋበት አንስቶ እስከ 30 ዲግሪ ገደማ እስኪታጠፍ ድረስ፣ ሎሚው ወደ ውጭ እንዳይሄድ ከሚይዘው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይሸከማል፤ ከዚያ በኋላ ሥራውን ቦዩ ይረከባል። ምትኩ ብዙ ጊዜ ከልጁ ከራሱ ከጭን በስተኋላ ካሉ ቀጫጭን ጅማቶች አንዱ ነው። እጅግ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ደረጃ ምትኩ በጭን አጥንት ላይ የሚተከልበትን ነጥብ መምረጥ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ቀጭን ሽቦ አጥንቱ ላይ አስደግፎ ጉልበቱን ከጎን በራጅ ያየዋል፤ በምስሉ ላይ የእድገቱ ልም አጥንት እንደ ጥቁር ሞገዳማ መስመር ይታያል፤ ሽቦው ከመስመሩ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ፣ ወደ ታችና ወደ ፊት አቅጣጫ መግባት አለበት። ነጥቡ ከተሳተ ወይም ጅማቱ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ጉልበቱ ይደርቃል፣ ያማል፤ ስለዚህ ጅማቱ ሎሚውን መያዝ እንጂ መጎተት የለበትም። ሎሚው ራሱ ትንሽ በመሆኑ ሰፊ ቀዳዳ ከተበሳበት ሊሰበር ይችላል።

ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ የተጠጉበት ልጅ እድገት የሚቀረው ከሆነ፣ እድገቱ ራሱ መድኃኒት ይሆንለታል። በጭን አጥንት የውስጥ ጎን ላይ ባለሁለት ብሎን ትንሽ ብረት ሲታሰር ያ ጎን ማደጉን ለጊዜው ያቆማል፤ የውጭው ጎን እያደገ እግሩን ያቀናዋል። ይህ ዕድል የሚያልፈው እድገት ሲቆም፣ ማለትም በሴቶች 14፣ በወንዶች 16 ዓመት አካባቢ ስለሆነ፣ ወደ ሐኪም ዘግይቶ መሄድ ያስመልጠዋል። ጉብታውን ማዛወርና ቦዩን ማጥለቅ ግን ከዚያ በኋላ የሚታሰቡ ናቸው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፊዚዮቴራፒ በቶሎ ይጀመራል፤ የጭን የፊት ጡንቻ ጥንካሬ እስኪመለስ ድረስ ወራት ስለሚፈጅ፣ ልጁ ወደ ኳስ ሜዳ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ብረት የታሰረለት ልጅ በየጥቂት ወሩ ቆሞ ራጅ ይነሳል፤ እግሩ እንደቀና ብረቱ ካልወጣለት ወደ ተቃራኒው ጎን መጉበጥ ይጀምራል።