መዥገርን በአካሉ መለየት፦ በሐዋሳና አካባቢው

መዥገር ከሸረሪትና ከጊንጥ ጋር የሚዛመድ ደም መጣጭ ነው። እከክ ከሚያመጡት ጥቃቅን ሚቶች ጋር አካሪ በሚባለው ወገን ይመደባል። እጭ ሆኖ ሲፈለፈል 6 እግር አለው፤ ኒምፍ (በእጭና በጎልማሳ መካከል ያለው ደረጃ) እና ጎልማሳ ሲሆን 8 ይሆናሉ። ዝርያውን መለየት የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ዝርያ የሚያስተላልፈው በሽታም ሆነ የሚኖርበት የከብት አካል ስለሚለያይ ነው።

ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆው ወለል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በስተምሥራቋ የሲዳማ ደጋ ይነሣል። ከብት ለገበያና ለግጦሽ ሽቅብ ቁልቁል ስለሚነዳ፣ የደጋውና የስምጥ ሸለቆው መዥገር በአንዲት ላም ላይ ሊገናኝ ይችላል። ለመለየት ትምህርት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዝርያዎቹ ሳይንሳዊ ስም የወጣው በአውሮፓውያን ነው፤ አምብሊዮማ ቫሪዬጋተምን ፋብሪሲየስ እ.ኤ.አ. በ1794፣ ሪፒሴፋለስ (ቡፊለስ) ዲኮሎራተስን ደግሞ ኮክ በ1844 ሰየሙ። የኢትዮጵያን መዥገሮች በስፋት የመዘገቡት ሥራዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1980 በሞሬል፣ በ1981 ደግሞ በፔግራም፣ በሆግስትራልና በዋሴፍ የታተሙት ናቸው። በሐዋሳ የግብርና ኮሌጁ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ፣ መዥገር ለቅሞ መለየት ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ በተደጋጋሚ የሚመርጡት ርዕስ ሆኗል። ስለ አካባቢው የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከነዚህ ትጉህ ተማሪዎች የናሙና ማሰሮ የወጣ ነው።

ጀማሪን የሚያሳስተው ቀለምና መጠን ነው። ደም የጠገበች ሴት የባቄላ ፍሬ አክላ ትገረጣለች፤ ያልጠገበችው እኅቷ ግን ጠፍጣፋና ጠቆር ያለች ናት። ስለዚህ የሚጀመረው ከጀርባ ጋሻው፣ ማለትም ከስኩተም ነው። ጋሻው መላ ጀርባውን ከሸፈነ ወንድ ነው፤ ከአንገት ግርጌ ብቻ ከቀረ ሴት ናት። ቀጥሎ አፍ ይታያል። አምብሊዮማና ሃያሎማ የተባሉት ወገኖች ረጅም አፍ አላቸው፤ ሪፒሴፋለስ አጭር ነው፣ የአፉም መሠረት ከላይ ሲታይ ባለ ስድስት ማዕዘን ነው። ከዚያ ገልብጦ ፊንጢጣውን ማየት ነው፦ በአጠገቡ ያለው ቦይ ከፊንጢጣው ፊት ለፊት ከዞረ ኢክሶደስ የተባለው ወገን ነው።

በሐዋሳ ዙሪያ ተደጋግመው ከሚመዘገቡት መካከል አምብሊዮማ ቫሪዬጋተም በዓይን ጎልቶ ይታያል። የወንዱ ጋሻ ብርቱካናማ ሆኖ በጥቁር መስመር የተከበበ ነው፤ እግሮቹ ነጣ ያሉ ቀለበቶች አሏቸው፤ ዓይኖቹ እንደ ዶቃ ወጣ ብለው ይታያሉ። ከቅርብ ዘመዱ ከአምብሊዮማ ሌፒደም የሚለየው ጀርባው ጠርዝ ላይ የተደረደሩት ፌስቱን የተባሉት ክፍሎች ሁሉም ጥቁር በመሆናቸው ነው፤ የሌፒደም አንዳንዶቹ ቀለም አላቸው። ቫሪዬጋተም የልብ ውኃ (ሃርትዎተር) የተባለውን የከብት በሽታ ከሚያስተላልፉት ዋናዎቹ አንዱ ስለሆነ ስህተቱ ቀላል አይደለም። ሪፒሴፋለስ ኤቨርትሲን ደግሞ ቀያይ እግሮቹ ያጋልጡታል፤ ጎልማሳው ጭራ ሥር፣ እጭና ኒምፍ ሲሆን ጆሮ ውስጥ ይሰፍራሉ።

ዲኮሎራተስ ትዕግሥት ይጠይቃል። ትንሽ ነው፣ ፌስቱን የለውም፣ የጠገበችው ሴት ሰማያዊ ግራጫ ትመስላለች። ማረጋገጫው ሃይፖስቶም በተባለው፣ ቆዳ ውስጥ በሚተከለው የአፉ ክፍል ላይ ያለው የጥርስ ረድፍ ነው፦ በዲኮሎራተስ በየጎኑ 3፣ በቅርብ ዘመዶቹ በማይክሮፕለስና በአኑላተስ 4። ይህን ለመቁጠር ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ሥር ገልብጦ መብራቱን ከጎን ማስጠጋት ያስፈልጋል። ስሙን በተመለከተ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ዲኮሎራተስ የሚመደብበት ቡፊለስ የሪፒሴፋለስ ንዑስ ወገን ሆኖ እንዲቆጠር ቀርቦ ብዙዎች ተቀብለውታል። ሆኖም የቆየው ስም በሜዳ ሥራ ላይ የበለጠ ይጠቅማል ብለው የሚጠቀሙበት አልጠፉም፤ ሁለቱንም መጻፍ ሳይሻል አይቀርም።

ስለ ሚቶቹ በአጭሩ፦ ሳርኮፕተስ ክብ ነው፣ የኋላ እግሮቹ ከአካሉ ጠርዝ አያልፉም፤ ሶሮፕተስ ሞላላ ሆኖ እግሮቹ ሁሉ ይወጣሉ፤ ዴሞዴክስ እንደ ሲጋራ የረዘመ ነው። ለነዚህ ቆዳ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

መዥገሩ ሲነቀል በፎርሴፕስ (በመቆንጠጫ) ቆዳው ጋ ተጠግቶ ይያዛል፣ ከዚያም ቀጥ ብሎ ይሳባል። ጠምዝዞ የነቀለ ሰው አፉን ላሟ ላይ ያስቀራል፤ አፍ የሌለው ናሙና ደግሞ ጥርሱ አይቆጠርም፣ ዝርያውም አይታወቅም። ናሙናው 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ይገባል። ከውስጥ የሚቀመጠው ወረቀት ላይ ቀኑ፣ ቀበሌው፣ የተነቀለበትም የአካል ክፍል፣ ጆሮ ይሁን ጭራ ሥር፣ በእርሳስ ይጻፋል። የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል።