«ሁሉ ይፈልጉሃል»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ ምዕራፍ 1 ጌታችን በቅፍርናሆም ስላደረው ሌሊት ይተርክልናል። ፀሐይ ከገባች በኋላ ከተማዋ በሙሉ ደጅ ላይ ተሰብስባ ነበር፤ ድውያንን ፈወሰ፣ አጋንንትን አወጣ። ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ሄደና ጸለየ። ስምዖንና አብረውት የነበሩት ገሥግሠው ደረሱበት። ይዘውት የመጡት ቃል አጭር ነው፤ «ሁሉ ይፈልጉሃል»።

የሚፈልጉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ጥሪውም ለበጎ ሥራ ነው። ጌታ ግን «በዚያ ደግሞ ልሰብክ ወደ ሌላ ስፍራ በቅርብ ወዳሉ መንደሮች እንሂድ፤ ስለዚህ ወጥቻለሁና» አላቸው። ለሰው ማዘን ከእርሱ በላይ ለማን ይሆናል? ነገር ግን የወጣበትን ያውቃልና ጥሪ ሁሉ መንገዱን አያስለውጠውም። በይሉኝታ ላደግን ለእኛ ይህ ከባድ ትምህርት ነው። የጠራን ሁሉ ጋር ካልሄድን ኃጢአት የሠራን ይመስለናል።

ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት «ይፈልጉሃል» ይለናል። ቴሌግራሙ፣ ፌስቡኩ፣ ቲክቶኩ፣ የሰው ሠርግ፣ የሰው ጠብ፣ ማን ምን አለ። ስለዚህ ነገር ሲሰበክ ብዙ ጊዜ ስልኩ ብቻ ይወገዛል። እኔ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይመስለኝም። እኛ ጎጃም ያለን ሰዎች ደግሞ በራሳችን አይተነዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ታዲያ ያኔ ቀልባችን ተሰበሰበ? ወሬው ከስልክ ወጥቶ ቡናው ዙሪያ ተቀመጠ፣ ገበያ ወረደ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ድረስ ተከትሎን ገባ። (የዘመዱን ደኅንነት ለመስማት የሚጨነቀውን ሰው እዚህ አልቆጥረውም፤ የእርሱ ጭንቀት ፍቅር ነው።) ስልኩ ዝም ሲል ልባችን ዝም ካላለ፣ በሽታው ከስልኩ በፊትም ነበረ ማለት ነው።

ስለ ቀልብ ለመማር ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻንም። የቅኔ ጉባኤ ቤቶቻችንን የዋሸራን፣ የጎንጅ ቴዎድሮስን፣ የዲማ ጊዮርጊስን ስም እየሰማን ነው ያደግነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ቆጠራ፣ አዲስ ቅኔ አስቦ ሊያዘጋጅ፣ ሲወጣ አይታችሁ ይሆናል። ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ደበሎውን ወይም ጋቢውን ተከናንቦ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ይቆያል። ብታልፉበት አያያችሁም። እንዲህ ሲጠልቅ ያየ ሰው አእምሮ ይከፍታል የሚባለውን ተክል፣ አብሾን፣ ቀምሶ ነው ይላል፤ ይህን ለባለወሬው እንተወው። ሐሳብ የሚበትን ነገር የሌለበት ግን እንዳይመስላችሁ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ለደጅ የለመናት ቁራሽ አኩፋዳው ውስጥ አልቃ ይሆናል። ውሻው አለ፣ ቁንጫው አለ፣ የእናት ናፍቆት አለ። ስልክ ባይኖረውም ረኀብ ብቻውን ሐሳብ ለመበተን ይበቃል።

ታዲያ ምን ሰበሰበው? ማታ የኔታ ፊት መቅረቡ። ጀማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ያላትን ጉባኤ ቃና የተባለች ቅኔ፣ የበሰለው ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ይዞ ይቀርባል። ቅኔ የሌላ ሰው ተደግሞ አይቀርብም፤ ትናንት የተባለውም ዛሬ አይሠራም። የኔታ ሰምተው ያርማሉ፣ የጎደለውን ይሞላሉ፣ ካልሆነም «አልሆነም» ይላሉ። ተማሪው ከጫካው ገብቶ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ቀኑን ሙሉ ስለ እናቱ ወጥ ሲያስብ ይውል ነበር። እኛም ብዙ ጊዜ የምንሠራው ስሕተት ይህ ይመስለኛል፦ ለጥቂት ቀን ስልክ እንዘጋለን፣ ገዳምም ሄደን እንሰነብታለን፤ ማታ ይዘነው የምንቀርበው ነገር ግን የለንም። ባዶ ቤት ደግሞ እንግዳ አያጣም። ሐዋርያው «እያንዳንዳችን ስለ ራሳችን ለእግዚአብሔር መልስ እንሰጣለን» (ሮሜ 14፥12) ያለውን የምናነበው ለፍርድ ቀን ብቻ እንደ ተነገረ አድርገን ነው። ለዛሬ ማታም ነው።

አባ አርሳንዮስ የሮሙን ንጉሥ የቴዎዶስዮስን ልጆች ያስተማረ፣ በቤተ መንግሥት የኖረ ሰው ነበር። ያን ሁሉ ትቶ ግብፅ በረሃ ወዳለው አስቄጥስ ገዳም ከገባ በኋላ ራሱን ይጠይቅ ነበር፤ «አርሳንዮስ ሆይ፣ ለምን ወጣህ?» በበረሃ ያለ መነኩሴ ይህን እየደጋገመ መጠየቅ ካስፈለገው፣ ከደብረ ማርቆስ ከተማ መናኸሪያ እስከ ባሕር ዳር ገበያ ለምንባዝነው ለእኛማ እንዴት አያስፈልገን!

በቅዳሴው እንኳ ዲያቆኑ እየደጋገመ የሚጠራን ቀልባችንን ነው። የተቀመጣችሁ ተነሡ ይለናል፤ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ይለናል። ካህኑም «አልዕሉ አልባቢክሙ»፣ ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ፣ ሲሉ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» እንላለን። ልባችን በአምላካችን ዘንድ ነው ማለታችን ነው። ይህን እየመለሰ እጁ ነጠላው ሥር ስልኩን የሚዳብስ ሰው መቅደሱ ፊት ቆሞ ሐሰት እየተናገረ ነው። ቃሉ ከበደ? እኔ ግን የማለሰልስበት መንገድ አላገኘሁም።

የሥራ ነገር ካነሣን፣ ነጋዴው ዋጋ የሚጠይቀው በስልክ ነው፣ መምህሩም ተማሪዎቹን የሚያገኘው እንዲሁ። የወጣበትን የሚያውቅ ሰው በስልክም ሥራውን ሠርቶ ይመለሳል። ጠዋት ከነግህ ጸሎትና ከዕለቱ ውዳሴ ማርያም በፊት ስልክ አለመክፈት በቂ ጅማሬ ነው፤ ዝርዝር ሕግ ላውጣ ብል እኔም አልጠብቀው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ንስሐ አባቶቻችን ዘንድ ስንቀርብ ጾም መሻራችንን እንናገራለን፣ ሐሜታችንን እንናገራለን፤ ቀናችን በምን እንዳለቀ ግን ትንፍሽ አንልም። እንደ ኃጢአት ስለማንቆጥረው እነርሱም አይጠይቁንም። ተማሪው ማታ የሚቀርብበት የኔታ እንዳለው ለእኛም አባት ተሰጥቶናል። በሚቀጥለው ስትሄዱ ይህንንም ጨምሩበት፤ ጸሎቱንም ስግደቱንም እርሳቸው በዐቅማችሁ ይወስኑላችሁ። ስትመለሱም የሠራችሁትንና ያልሠራችሁትን ሳትደብቁ ንገሯቸው።