ስልክ ላይ ጥርት ያለ ፎቶ ወረቀት ላይ ለምን ይደበዝዛል?

አራት ኪሎ አንድ ማተሚያ ቤት ሄደህ «ሪዞሉሽኑ ትንሽ ነው»፣ ማለትም የፎቶህ ነጥቦች አይበቁም፣ ተብለህ ታውቃለህ? እኔ ተብያለሁ፤ ያውም ስልኬ ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ፎቶ ይዤ።

ፎቶ የነጥቦች ጥርቅም ነው፤ ነጥቧ ፒክስል ትባላለች። ለትንሿ የስልክ ስክሪን ጥቂት ፒክስል ይበቃል፤ ለጥሩ ህትመት ግን በአንድ ኢንች ወደ 300 ፒክስል ይፈለጋል፣ ስለዚህ 1200 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ያምራል፤ ሙሉ ኤ4 ካልክ ግን 2480 በ3508 ያስፈልግሃል። ፋይሉ ላይ በአንድ ኢንች ስንት ፒክስል እንደሚታተም የሚናገረውን ቁጥር ከ72 ወደ 300 መቀየር ብቻውን አንዲት ፒክስል አይጨምርም (ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው)።

ደግሞ ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ስትልክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላከው፣ አለዚያ መንገድ ላይ ይጨመቃል። የኔም ጉድ እሱ ነበር።