«ዝርዝሩ ላይ ያለ ክሊኒክ» ማለት ምን ማለት ነው?

በመሥሪያ ቤት የጤና መድን የታቀፋችሁ ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ነው፦ የጥርስ ክሊኒኩ መድን ድርጅቱ በሰጠን ዝርዝር ላይ እያለ ለምን ከኪስ ክፈሉ ተባልን?

ዝርዝሩ የሚነግረን መድን ድርጅቱ ከክሊኒኩ ጋር ውል እንዳለው ብቻ ነው። ውሉ ለአጠቃላይ ሕክምና ሆኖ ጥርስን ላያካትት፣ የፒያሳውን ቅርንጫፍ ይዞ የሜክሲኮውን ላይጨምር፣ ወይም ጊዜው አልፎ ዝርዝሩ ሳይታደስ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት እንግዳ ተቀባይዋን «ዛሬ፣ በእኛ መሥሪያ ቤት ስም፣ ለጥርስ ታስተናግዳላችሁ?» በሏት። ዝርዝሩንም ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት፤ ኋላ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ሊሆናችሁ ይችላል።

ለምሳሌ የ3,000 ብር ሙሌት አስሞላችሁ እንበል። ፖሊሲው (መሥሪያ ቤታችሁ ከመድን ድርጅቱ ጋር የገባው የመድን ውል) ዝርዝሩ ላይ ባለ ክሊኒክ 80 በመቶ የሚሸፍን ከሆነ ከእናንተ 600 ብር ነው። ክሊኒኩ ውል የለውም ተብሎ ሙሉውን ከከፈላችሁ፣ «የጥርስ ሕክምና» ብቻ የሚል ደረሰኝ ይዛችሁ አትውጡ። የጥርሱ ቁጥር (በጥርስ ሐኪሞች አቆጣጠር የግራ ታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ 36 ነው)፣ የተሠራው ሥራና የየሥራው ዋጋ ይጻፍበት። ብዙ የክፍያ ጥያቄ ውድቅ ሆኖ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው።

መድን ድርጅቱ አልከፍልም ካለ የፖሊሲውን አንቀጽ ጠቅሶ በጽሑፍ እንዲመልስ ጠይቁ፤ የስልክ መልስ አይበቃም። ካልተስማማችሁ አቤት የምትሉት የመድን ድርጅቶችን ለሚቆጣጠረው ለብሔራዊ ባንክ ነው። በ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 674 መሠረት ከመድን ውል የሚመነጭ ጥያቄ በ2 ዓመት በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልጠየቃችሁ መብታችሁ ይቀራል።

የሽፋን መቶኛው፣ የዓመቱ ጣሪያና ደረሰኝ የማቅረቢያው ቀን ግን ከፖሊሲ ፖሊሲ ይለያያል። የሰው ኃይል ክፍሉን ፖሊሲውን ራሱን አሳዩን በሉት።