በፍሳሽ በሚለማ አትክልት ውስጥ ያለው ከባድ ብረት ምንድን ነው?

ትንሹ አቃቂ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ያቀናሉ። በመንገዳቸው የመኖሪያ ቤቱን ፍሳሽ፣ የጋራዡን ዘይት፣ የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ውሃ ይሰበስባሉ። በዚያው ዳርቻ በሞተር እየተሳበ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ካሮትና ድንች ይለማል። ለገበሬው ይህ ውሃ በበጋ የማይደርቅ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የያዘ ሀብት ነው። ችግሩ አብሮት የሚመጣው ነው።

ከባድ ብረት ስንል ካድሚየምን፣ እርሳስን፣ ክሮሚየምን፣ ኒኬልን፣ መዳብን፣ ዚንክንና ሜርኩሪን ነው። አርሰኒክ በኬሚስትሪ ሙሉ ብረት ባይሆንም ከእነሱ ጋር ይቆጠራል። ብዙ ሰው ከጀርም ጋር ያምታታቸዋል። በፍሳሽ ውሃ የሚመጣ ባክቴሪያና የወስፋት እንቁላል በደንብ ሲበስል ይሞታል። ብረት ግን አይሞትም፣ አይበሰብስም፣ እሳትም አያጠፋውም። ሰላጣን በኮምጣጤ መዘፍዘፍ ጀርምን ሊቀንስ ይችላል፤ በሥር በኩል ገብቶ ቅጠሉ ውስጥ የተቀመጠውን ካድሚየም ግን አያወጣም።

ሁሉም ብረት ከአፈር ወደ ሳህን እኩል አይደርስም። ዋናው ነገርም ይኸው ነው። እርሳስና ክሮሚየም አፈሩ ላይ ጠብቀው ይጣበቃሉ፤ ሥር ቢነካቸውም ወደ ቅጠል የሚወጣው ጥቂት ነው። ቅጠል ላይ የሚገኘው እርሳስ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ያረፈ አቧራና በመስኖ ጊዜ የተረጨ ጭቃ ስለሆነ ማጠብ እዚህ ላይ በእርግጥ ይጠቅማል፤ የካሮትና የድንች ልጣጭ መላጥም እንደዚሁ። ዚንክ፣ መዳብና ኒኬል ደግሞ ሲበዙ ተክሉን ራሱን ይጎዱታል። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ይቀጭጫል፣ ገበሬው ያየዋል፤ ብዙውን ጊዜ ሰው ከመጎዳቱ በፊት ምርቱ ይወድቃል።

ካድሚየም ግን ይህን አጥር ያልፋል። በኬሚካል ጠባዩ ዚንክን ስለሚመስል ሥሩ ዚንክንና የምግብ ብረትን (አይረንን) በሚያስገባበት በር ይገባል። ለሰው በማይበጅ መጠን የተጠራቀመበት ቆስጣ አረንጓዴ፣ ለምለምና ጤናማ ሆኖ ገበያ ይወጣል። በማየት፣ በማሽተትም ሆነ በመቅመስ አይለይም። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ስሙ የሚነሳው በክሮሚየም ነው፤ ስጋቱም ከንቱ አይደለም፣ በተለይ ስድስት ቫለንሲ ያለው፣ መርዛማው የክሮሚየም ዓይነት ውሃ ውስጥ ካለ። በቅጠል በኩል ወደ ሰው በመድረስ ግን ካድሚየም ይብሳል፣ ውሃው ውስጥ ያለው መጠን ከክሮሚየሙ እጅግ ያነሰ ቢሆን እንኳ።

መጠኑን በቁጥር እንየው። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ለመስኖ ውሃ ያስቀመጠው የካድሚየም ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። አንድ ሄክታር በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ቢጠጣ፣ ልክ በጣሪያው ላይ ባለ ውሃ 100 ግራም ካድሚየም ይገባዋል። የላይኛው 20 ሴንቲሜትር አፈር ክብደት በሄክታር ወደ 2,600 ቶን ስለሚጠጋ፣ በዓመት የሚጨመረው በኪሎ አፈር 0.04 ሚሊግራም ገደማ ነው። ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን የሚወጣው ከሚገባው በጣም ያነሰ ስለሆነ በ25 ዓመት ወደ 1 ሚሊግራም ይደርሳል። ስለዚህ ዛሬ ውሃው ጥሩ ውጤት ቢያሳይም፣ አፈሩ የትናንቱን ሁሉ ይዞ ተቀምጧል። ውሃን ብቻ አስመርምሮ «ደህና ነው» ማለት ያሳስታል።

ከሰብሎቹ ውስጥ ቆስጣ፣ ሰላጣና ስፒናች ካድሚየምን ከሁሉ በላይ ይሰበስባሉ። ጥቅል ጎመን ያንሳል። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፎሶሊያና በቆሎ ፍሬያቸው ውስጥ የሚያስቀምጡት ከቅጠላቸው በጣም ያነሰ ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ፣ ይህን ልዩነት ያሳያል፦ ለቅጠላ ቅጠል በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ካድሚየም ሲፈቅድ፣ ለፍሬ አትክልት የሚፈቅደው 0.05 ብቻ ነው። ለእርሳስ ደግሞ በቅጠል 0.3፣ በሥራ ሥር 0.1 ነው።

በሰው ላይ የሚያደርሰውስ? የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ኮሚቴ በ2010 ለካድሚየም ያስቀመጠው ወሰን በወር፣ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 25 ማይክሮግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 50 ማይክሮግራም ማለት ነው። የኮዴክስ ጣሪያ ላይ ካለ ቆስጣ 250 ግራም በየቀኑ የበላ ሰው፣ እህሉና ጥራጥሬው ሳይቆጠር፣ ወሰኑን በቆስጣው ብቻ ሞላ። በጾም ወራት ቅጠል በየቀኑ በሚቀርብበት ቤት ይህ ስሌት ሩቅ አይደለም። ኩላሊት ውስጥ የገባ ካድሚየም በግማሽ እንኳ ለመቀነስ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጅበታል። ሰውነቷ የምግብ ብረት ያነሰው ሴት፣ በተለይም እርጉዝ፣ ካድሚየምን ከሌላው አብልጣ ትመጥጣለች። የጃፓኑ ቶያማ ይህን በመራር መንገድ አሳይቷል። ከማዕድን ማውጫ የወረደ ካድሚየም በጂንዙ ወንዝ አድርጎ ሩዝ ማሳ ገባ፤ ኩላሊታቸው ተጎድቶ አጥንታቸው በትንሽ ነገር የሚሰበር፣ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ሴቶች የሆኑ ሕሙማን ታዩ። ሕመሙን «ኢታይ ኢታይ»፣ ማለትም «ያማል ያማል» አሉት። መንግሥት የበሽታውን መንስኤ በይፋ የተቀበለው በ1968 ነው።

ናሙና ሲወሰድ የሚበላሸው ነገር ብዙ ነው። ለአፈር፣ ማሳውን በዚግዛግ እየዞሩ ከ10 እስከ 15 ቦታ ከ0 እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ቆፍሮ በፕላስቲክ ባልዲ መቀላቀል፣ ከዚያ ግማሽ ኪሎ መውሰድ ነው። ዚንክ የተለበጠ አካፋ ወይም ባልዲ ውጤቱን ያዛባል። ቅጠሉ ቤት ውስጥ እንደሚታጠበው ታጥቦ፣ በዲስቲልድ ውሃ ተለቅልቆ፣ እርጥብ ክብደቱ እዚያው ይመዘን። ውሃው በአሲድ በታጠበ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቶ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ2 በታች እስኪሆን ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበት፤ አለዚያ ብረቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ፋብሪካ በሚለቅበትና በማይለቅበት ቀን ካልተቀዳም አንድ ጠርሙስ ምንም አይነግርም።

ትልቁ ስህተት ግን ወረቀት ላይ ይሠራል። ላቦራቶሪ የሚሰጠው ውጤት ብዙ ጊዜ በደረቅ ክብደት ነው፤ የኮዴክስ ጣሪያ ደግሞ በእርጥብ። ቅጠል 90 በመቶው ውሃ ስለሆነ በደረቅ 2 ሚሊግራም ማለት በእርጥብ 0.2 ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ማወዳደር አደጋውን አሥር እጥፍ ያጋንናል። «አልተገኘም» የሚል ውጤትም ዜሮ ማለት አይደለም፤ መሣሪያው የሚያየው ዝቅተኛ መጠን ስንት እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው።

ለገበሬው መጀመሪያ የሚጠቅመው ሰብል መቀየር ነው፦ በተጠረጠረው ማሳ ቆስጣና ሰላጣን ትቶ ቲማቲም ወይም በቆሎ። ቀጥሎ የአፈሩ ፒኤች። አሲዳማ አፈር ካድሚየምን ይለቃል፤ በኖራ ወደ 6.5 እና 7 ከፍ ሲል ይይዘዋል። የኖራው መጠን በአፈር ምርመራ ይወሰናል እንጂ በግምት አይበተንም። የበሰለ ኮምፖስትም ብረቱን ያስራል። አርሰኒክ ባለበት ቦታ ግን ኖራ ሊያባብስ ስለሚችል ሳያስመረምሩ መነሳት አይገባም። አቃቂ አካባቢ ያለው ጥቁር ኮትቻ አፈር ሸክላው ብዙ በመሆኑ ብረት አጥብቆ ይይዛል፤ ይህ ለጊዜው ይረዳል፣ ክምችቱን ግን አይቀንስም። ተክል እያበቀሉ ይወጣል ብሎ መጠበቅም አያዋጣም፦ በኪሎ 2 ሚሊግራም የያዘ 5 ቶን ደረቅ ምርት በዓመት የሚያወጣው 10 ግራም ሲሆን፣ አፈሩ ውስጥ በኪሎ 1 ሚሊግራም ካለ የተቀመጠው በሄክታር 2.6 ኪሎ ነው።

እርሳስና ክሮሚየም በአብዛኛው ውሃው ውስጥ ከሚንሳፈፈው ደለል ጋር ተጣብቀው ስለሚጓዙ፣ ውሃውን ወደ ቦይ ከመልቀቅ በፊት በጉድጓድ አጠራቅሞ ማስጠለል ብዙውን ያስቀራል። የሞተሩ መሳቢያ ቱቦ ጉድጓዱ ታች ሳይሆን ከላይኛው ውሃ ላይ በጀሪካን ተንሳፍፎ ይታሰር። ጉድጓዱ ሲጠረግ የሚወጣው ጥቁር ደለል ማዳበሪያ ስለሚመስል ማሳ ላይ የሚበትነው ብዙ ነው፤ ብረቱ ያለው ግን እሱ ውስጥ ነውና ከማሳውም ከወንዙም ርቆ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ቦታ ይቀበር።